ጉሊየልሞ ማርኮኒ፦ ሽቦን በምሰሶ ላይ የሰቀለው ሰው

ልጆች፣ ዛሬ የምናነበው በዓለም ሁሉ ስለታወቀ አንድ ሰው ነው። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን እስቲ አንድ ነገር አስቡ።

በትልቅ ውቅያኖስ መካከል አንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ አለች እንበል። ከየብስ ርቃ ከሄደች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። በባሕር ላይ የስልክ ምሰሶ ስለሌለ የእጅ ስልክ አይሠራም። ከጀልባዋ ሰዎች አንዱ ቢታመም ማንን ይጠራሉ? ማዕበል እየመጣ መሆኑንስ በምን ያውቃሉ? ጀልባዋን ልብ ብላችሁ ብታዩዋት ከምሰሶዋ ጫፍ እስከ ጀርባዋ ድረስ የተወጠረ አንድ ሽቦ ታያላችሁ። ያ ሽቦ አንቴና ነው። ድምፅ በእርሱ በኩል ወጥቶ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሽቦን እንዲህ በምሰሶ ላይ መስቀል ለመርከብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለዓለም ያሳየው ሰው ጉሊየልሞ ማርኮኒ ይባላል።

ማርኮኒ እኛን ኢትዮጵያውያንንም የሚመለከት ታሪክ አለው። ያ ታሪክ ደስ የሚል አይደለም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡ። (ዓመቶቹን የጻፍናቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ብለናል።)

ሁለት ቋንቋ የሚናገረው ልጅ

ማርኮኒ የተወለደው ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በኢጣልያ፣ ቦሎኛ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ጁሴፔ መሬት ያለው ኢጣልያዊ ሲሆን፣ እናቱ አኒ ጄምሰን ደግሞ ከአየርላንድ የመጣች ነበረች። ስለዚህ ትንሹ ማርኮኒ ልክ እንደ እናንተ ሁለት ቋንቋ እየተናገረ አደገ። ከአባቱ ጋር ኢጣልያንኛ፣ ከእናቱ ጋር እንግሊዝኛ ያወራ ነበር። ይህ ነገር በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመው ታያላችሁ።

በትምህርቱ ጎበዝ የሚባል ልጅ አልነበረም። አብዛኛውን ትምህርት የተማረው ቤት ድረስ በሚመጡ አስተማሪዎች ነው፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም። ስለ ኤሌክትሪክ ሲሆን ግን ያገኘውን ሁሉ ያነብ ነበር። ሪጊ የሚባል የታወቀ የፊዚክስ ፕሮፌሰር በአካባቢው ይኖር ስለነበር ወደ እርሱ እየሄደ ይጠይቅ ነበር።

ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ በ1894፣ ሄርትዝ ስለሚባል ጀርመናዊ ሳይንቲስት አነበበ። ሄርትዝ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በዓይን የማይታይ ሞገድ እንደሚያስነሣ በሙከራ አሳይቶ ነበር። ሞገድ ምን መሰላችሁ? ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ብትጥሉ ውኃው ክብ እየሠራ ይሰፋል አይደል? የሬዲዮ ሞገድም እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ የሚሰፋው በአየርና በባዶ ቦታ መሆኑና በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር መሄዱ ነው። ማርኮኒ ታዲያ አንድ ጥያቄ መጣለት። በዚህ ሞገድ ለምን መልእክት አንልክበትም?

በቤታቸው ጣሪያ ሥር ባለው ክፍል ቁጭ ብሎ ሌሊትና ቀን ሠራ። አንድ ቀን ሌሊት እናቱን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ወደ ክፍሉ ወሰዳት። በአንደኛው ጠርዝ ያለውን ቁልፍ ሲጫን በሌላኛው ጠርዝ ያለው ደወል ጮኸ። በሁለቱ መካከል ግን ሽቦ አልነበረም!

ቁመትና እግር

ከክፍሉ ውጭ ሲሆን ግን ሞገዱ ሩቅ አልሄደለትም። በ1895 ማርኮኒ ከቤት ወጥቶ በግቢውና በእርሻው ላይ መሞከር ጀመረ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሁለት ነገር አደረገ። መጀመሪያ የመሣሪያውን አንድ ጫፍ በሽቦ አድርጎ ከፍ ባለ እንጨት ላይ ሰቀለው። ሌላውን ጫፍ ደግሞ ከመሬት ውስጥ ቀበረው። ከዚያ በኋላ መልእክቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ።

ወንድሙ አልፎንሶ መቀበያውን ይዞ ከኮረብታው ማዶ ሄደ። ከዚያ ማርኮኒ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ምልክቱ ከደረሰው ጠመንጃ እንዲተኩስ ተስማሙ። ማርኮኒ ቁልፉን ተጫነ። ጥይቱ ከኮረብታው ማዶ ተሰማ።

ልጆች፣ ይህን ያዙ። ጥሩ አንቴና ዛፍን ይመስላል። ወደ ላይ የቆመ ግንድ ያስፈልገዋል፤ ወደ ታች ደግሞ ሥር ያስፈልገዋል። ሥሩ ካልያዘ ግንዱ ምንም ቢረዝም ጥቅም የለውም። በባሕር ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ሥር ጨዋማው ውኃ ራሱ ነው። ማርኮኒ ዕድሜውን በሙሉ ወደ ባሕር የሄደው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

መርከቦች አፍ አወጡ

በ1896 ማርኮኒ ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ሄደ። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ጠቀመው። በዚያው ዓመት ሥራውን በስሙ አስመዘገበ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኩባንያ አቋቋመ። በ1897 ከአንዲት ደሴት እስከ የብስ ድረስ በባሕር ላይ 6 ኪሎ ሜትር ያህል መልእክት ላከ።

ያን ጊዜ አንድ መርከብ ከወደብ ከወጣ በኋላ ስለ እርሱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቢሰጥም እንኳ የሚሰማው የለም። በየብስ ላይ ቴሌግራም ነበረ፤ ነገር ግን ቴሌግራም ሽቦ ይፈልጋል፤ ከሚሄድ መርከብ ኋላ ሽቦ መጎተት ደግሞ አይቻልም።

በ1898 በአየርላንድ የሸራ ጀልባዎች ውድድር ነበር። ማርኮኒ በአንዲት ትንሽ መርከብ ምሰሶ ላይ ሽቦውን ሰቅሎ ጀልባዎቹን ተከተለ። ማን እንደቀደመ እዚያው ባሕር ላይ ሆኖ ለጋዜጣ ላከ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አሜሪካ ሄዶ በኒው ዮርክ አጠገብ የተደረገውን ትልቁን የአሜሪካ ዋንጫ የሸራ ጀልባ ውድድር እንዲሁ አደረገ። ሰዎች ውድድሩ ሳያልቅ ወሬውን ሰሙ። ዛሬ ኳስ በቀጥታ ስታዩ አይገርማችሁም፤ ያን ጊዜ ግን ተአምር ነበር።

ከጨዋታ ያለፈ ነገርም መጣ። በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ አደገኛ አሸዋ ያለበትን ቦታ ለማሳየት መብራት ይዞ የሚቆም መርከብ ነበረ። የማርኮኒ መሣሪያ ተገጥሞለት ነበር። በ1899 ሌላ መርከብ በጉም ውስጥ መጥቶ ገጨው። የመብራቱ መርከብም በዚሁ ሽቦ እርዳታ ጠራ።

ነፋስ የጣላቸው ምሰሶዎች

ማርኮኒ አሁን አትላንቲክ ውቅያኖስን ማሻገር ፈለገ። ብዙ ምሁራን አይሆንም አሉ። ምድር ክብ ናት፤ ሞገዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይሄዳል ብለው ነው።

በእንግሊዝ አገር ፖልዱ በሚባል የባሕር ዳር ቦታ 20 ምሰሶዎች በክብ አቆመ። የእያንዳንዱ ቁመት 60 ሜትር ያህል ነበር። ነገር ግን በሴፕቴምበር 1901 ኃይለኛ ነፋስ መጥቶ ሁሉንም ጣላቸው። በአሜሪካ በኩል ያቆማቸውም ጥቂት ቆይቶ ወደቁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። ማርኮኒ ግን በፖልዱ ሁለት ምሰሶ ብቻ አቁሞ በመካከላቸው 54 ሽቦዎችን እንደ ማራገቢያ ዘረጋ። እርሱ ራሱ ወደ ካናዳ በኩል ወደ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ሄደ። እዚያ ምሰሶ ለማቆም ጊዜ ስላልነበረ 150 ሜትር ያህል ሽቦ በካይት አስሮ ወደ ሰማይ ለቀቀው። አዎ፣ እናንተ በክር አስራችሁ በነፋስ የምታበሩት ዓይነት ካይት፤ የርሱ ግን ትልቅ ነበር። የመጀመሪያውን ነፋስ ወሰደበት። ሁለተኛው ከፍ ዝቅ እያለ ቆየ። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ማርኮኒና ረዳቱ ኬምፕ በጆሮ ማዳመጫ ሦስት አጫጭር ድምፆች ሰማን አሉ። ይህ በሞርስ ኮድ አንድ ፊደል ነው። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሮ መጣ ማለት ነው።

ምስክር ስላልነበረ ብዙዎች አላመኑም፤ ዛሬም የሚጠራጠሩ ሳይንቲስቶች አሉ። ማርኮኒም ይህን ያውቅ ነበር። ስለዚህ በ1902 ፊላደልፊያ በሚባል መርከብ ተሳፍሮ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ሲሄድ የሚመጣውን ምልክት በወረቀት ላይ እያሳተመ ለመርከቡ አዛዥ አሳየ። በዚያ ጉዞ አንድ አዲስ ነገር ተገለጠለት። ሌሊት ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሩቅ የተሰማው ምልክት፣ ቀን ግን 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ጠፋ። ፀሐይ ሞገዱን ታደክመዋለች ማለት ነው። የዚህን መልስ እስኪያገኝ ሃያ ዓመት ፈጀበት።

በ1909 ማርኮኒ ከጀርመናዊው ብራውን ጋር የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሬዲዮን እርሱ ብቻ ፈጠረው ማለት ግን አይደለም፤ ብዙ ሰዎች ደክመውበታል። ሥራ ላይ በማዋል ግን የቀደመው የለም። በ1912 ታይታኒክ የምትባለው መርከብ ስትሰጥም በምሰሶዎቿ መካከል የተዘረጋው አንቴና እርዳታ ጠራ። 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የነበረችው ካርፓቲያ ሰምታ መጣች፤ ከ700 በላይ ሰዎችንም አዳነች። 1,500 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ሽቦው ባይኖር ግን የቀሩትም ባልተረፉ ነበር።

ኤሌትራ፦ ተንሳፋፊው ቤተ ሙከራ

በ1919 ማርኮኒ አንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ገዝቶ ኤሌትራ ብሎ ሰየማት። ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች ነበሯት፤ በመካከላቸውም አንቴናው ተዘረጋ። ውስጧ ቤተ ሙከራ፣ መኖሪያና ቢሮ ነበር። ማርኮኒ በእርሷ እየተጓዘ አንድ ጥያቄ መረመረ። ሞገዱ ይርዘም ወይስ ይጠር?

እስከዚያ ጊዜ እርሱም ሌሎችም ሩቅ ለመድረስ በጣም ረጅም ሞገድ፣ በጣም ትልቅ አንቴናና ብዙ ኃይል ያስፈልጋል ብለው ያምኑ ነበር። በ1923 ኤሌትራ ወደ ኬፕ ቬርዴ ደሴቶች ሄደች። ከፖልዱ በ97 ሜትር ሞገድ የተላከው ምልክት በትንሽ ኃይል ከተጠበቀው በላይ ርቆ ተሰማ። በ1924 ደግሞ ሞገዱን ወደ 32 ሜትር አሳጠሩት። ኤሌትራ ቤይሩት ወደብ ላይ ሆና ቀንም ሌሊትም ሰማችው። የፊላደልፊያ እንቆቅልሽ ተፈታ! አጭር ሞገድ ከምድር በላይ ከፍ ብሎ ባለ የአየር ንብርብር ላይ እንደ መስታወት ብርሃን ተመልሶ፣ የምድርን ክብነት አልፎ ይወርዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ትንሽ ባለሸራ ጀልባ እንመለስ። አጭር ሞገድ ባይገኝ ኖሮ እርሷ ይህን የመሰለ ሬዲዮ አይኖራትም ነበር። ጥሩ አንቴና ብዙ ጊዜ የሞገዱን ሩብ ያህል ይረዝማል። ሞገዱ 2,000 ሜትር ቢሆን 500 ሜትር ምሰሶ በየት ይመጣል? 40 ሜትር ከሆነ ግን ሩቡ 10 ሜትር ነው፤ ይህ ደግሞ በጀልባዋ ላይ አለ።

ምሰሶዋን ከኋላ በኩል ወጥሮ የሚይዝ የብረት ገመድ አለ። ባለጀልባው አንቴና ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ገመድ ይመርጣል። ከላይና ከታች ቆርጦ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መለያያ ያስገባበታል፤ በሁለቱ መለያያዎች መካከል ያለው ገመድ አንቴና ይሆናል። የታችኛው መለያያ ከሰው እጅ በላይ መሆን አለበት። ሬዲዮው በሚልክበት ጊዜ ሽቦውን የነካ ሰው ይቃጠላልና! ገመዱን መቁረጥ የማይፈልግ ደግሞ 7 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ዘንግ በጀልባው ጀርባ ላይ ያቆማል። ከሬዲዮውና ከአንቴናው መካከል አንድ ማስተካከያ ሣጥን ይገባል፤ ሞገዱ ሲለወጥ ሽቦውን ከሞገዱ ጋር የሚያስማማው እርሱ ነው። ከሣጥኑ ደግሞ ሰፊ የመዳብ ጥብጣብ ወደ ታች ወርዶ ከጀልባዋ ሥር፣ ከውኃው ጋር ከሚነካ ብረት ጋር ይያያዛል። አያችሁ፣ ግንድና ሥር! ማርኮኒ በ1895 በአባቱ እርሻ ላይ ያደረገው ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ጀልባዎች የሳተላይት ስልክም ይይዛሉ፤ ይህን አንቴና የማይተዉ መርከበኞች ግን አሁንም አሉ።

እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን ስለ አጭር ሞገድ ጠይቋቸው። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ማታ ማታ የአሜሪካን ድምፅንና የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ይሰማ የነበረው በዚሁ ሞገድ ነው። ድምፁ ሲያስቸግር ከአንቴናው ጫፍ ላይ ሽቦ አስረው በመስኮት አውጥተው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሰቅሉ ነበር። ሳያውቁት የማርኮኒን ሥራ ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

ሽቦውና ቃሉ

ልጆች፣ አሁን ያ ደስ የማይለው ታሪክ ላይ ደረስን።

ማርኮኒ በ1923 የሙሶሊኒ ፋሺስት ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር። በ1930 የኢጣልያ ሮያል አካዳሚ ፕሬዚዳንት ተደረገ፤ በፋሺስቶቹ ታላቅ ምክር ቤትም ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ኤሌትራ ጄኖዋ ወደብ ላይ ሆና በላከችው ምልክት በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ ከተማ መብራቶች በሩ። ዓለም አጨበጨበለት።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1935 (መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.)፣ የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። ከአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ በሕዝባችን ላይ ወረደ። ማርኮኒ ምን አደረገ? ተቃወመ? ቢያንስ ዝም አለ? አይደለም። ወደ ውጭ አገር ሄዶ ወረራው ትክክል ነው እያለ ለኢጣልያ ተከራከረ። በብሪታንያ በሬዲዮ ሊናገር ፈልጎ ቢቢሲ ከለከለው። ቢቢሲን ለመሰለ ጣቢያ መንገዱን የጠረገው ሰው በሬዲዮ እንዳይናገር ተከለከለ።

በዚያው በ1935 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በሬዲዮ ለውጭው ዓለም ተናገሩ። ከከተማው አጠገብ አቃቂ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። የሚገርመው፣ ጣቢያውን የሠራው የኢጣልያ ኩባንያ ነው። የውጭ አገር ጋዜጠኞችም የጦርነቱን ወሬ በሽቦ አልባ ቴሌግራም ወደ አገራቸው ላኩ። ማርኮኒ የደከመበት ጥበብ ማርኮኒ የተቃወመውን የኢትዮጵያን አቤቱታ ተሸክሞ ሄደ።

ማርኮኒ ሮም ላይ የሞተው ጁላይ 20 ቀን 1937 (ሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም.) ነው። ዕድሜው 63 ነበር። ለክብሩ በብሪታንያ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ ነበረች፤ በየካቲት 12 በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከተገደሉባት ገና አምስት ወሯ ነበር። ለእነዚያ ሰዎች ዝም ያለ ሬዲዮ አልነበረም።

ኤሌትራም ብዙ አልቆየችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ወሰዷት፤ በ1944 በአውሮፕላን ተመትታ ተሰበረች። ስብርባሪዋ ዛሬ በኢጣልያ በተለያየ ቦታ ይታያል።

ታዲያ ማርኮኒን እንውደደው ወይስ እንጥላው? መልሱን ለእናንተ እንተወዋለን። ያዳናቸው ሰዎች እውነት ናቸው፤ የደገፈው ግፍም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። አእምሮው ብሩህ የሆነ ሰው ሁሉ ልቡ ቅን ነው ማለት አይደለም። ሽቦ የተናገሩበትን ያደርሳል፤ እውነቱንና ውሸቱን አይለይም። መለየት ያለበት የሚናገረው ሰው ነው። እናንተም ዛሬ በእጃችሁ ስልክ ይዛችሁ ዓለምን ሁሉ ታናግራላችሁ። ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት የምትናገሩትን አስቡ።

በቤት የሚሠሩ ጥያቄዎች

1. የማርኮኒን አንቴና ከዛፍ ጋር ያመሳሰልነው ለምንድን ነው? በባለሸራ ጀልባ ላይ ግንዱ የቱ ነው? ሥሩስ?

2. ሞገዱ 32 ሜትር ቢሆን የሞገዱ ሩብ ስንት ሜትር ይሆናል?

3. የፖልዱ ምሰሶዎች ሲወድቁ ማርኮኒ ምን አደረገ? እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

4. ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ አንዱን በልጅነታቸው ሬዲዮ የት ሆነው፣ ከማን ጋር ይሰሙ እንደነበር ጠይቁና በአማርኛ አምስት መስመር ጽፋችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው።